የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን የክምችት ቅንጣቶችና የደም መፍሰስ ሕመም፦ የቮን ቪልብራንድ በሽታ ከጎተራው ሲታይ

አጠቃሎ

የቮን ቪልብራንድ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በፕላዝማ ውስጥ በሚለካው የአንድ ፕሮቲን መጠንና የሥራ ብቃት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፕሮቲን ወደ ደም ከመግባቱ በፊት የደም ሥሮችን ከውስጥ በሸፈኑት ሕዋሳት ውስጥ ይሠራል፤ ተጠቅልሎም የቫይበል-ፓላዴ አካላት በሚባሉ ቅንጣቶች ውስጥ ይከማቻል። ይህ ጽሑፍ የቅንጣቶቹን ግኝት፣ አሠራርና አለቃቀቅ ካብራራ በኋላ የሕመሙን ዓይነቶች በአራት ደረጃዎች፣ ማለትም በመሙላት፣ በመጠቅለል፣ በመለቀቅና ከተለቀቁ በኋላ በደም ውስጥ በመቆየት፣ ለይቶ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ በፕላዝማ የሚገኘው ልኬት የክምችቱ ውጤት እንጂ የክምችቱ መለኪያ አለመሆኑ፣ ይህም ልዩነት በሕክምና ምርጫ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ ያለው መሆኑ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በ1924 በባልቲክ ባሕር ከሚገኙት የኦላንድ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከፎግሎ የመጣች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በሄልሲንኪ ለሕክምና ቀረበች። የመረመራት ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ አዶልፍ ቮን ቪልብራንድ ነበር። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በነስር፣ በድድ መድማትና በቆዳ መበለዝ ስትሠቃይ የቆየች ሲሆን፣ በቤተሰቧም ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ብዙዎች ነበሩ። ቮን ቪልብራንድ ቤተሰቡን መርምሮ በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙ ከሄሞፊሊያ የተለየ መሆኑን አመለከተ። ሄሞፊሊያ በአብዛኛው ወንዶችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ሴቶችንም ወንዶችንም ይይዛል። የፕላትሌቶቹ ቁጥር የተሟላ ሆኖ ሳለ ከትንሽ ቁስል የሚፈሰው ደም ለመቆም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ልጅቱ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ ወቅት፣ በደም መፍሰስ ሕይወቷ አለፈ።

ቮን ቪልብራንድ ለሕመሙ መንሥኤ አድርጎ የገመተው የፕላትሌቶችንና የደም ሥር ግድግዳን ጉድለት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን የስዊድን ተመራማሪዎች፣ በተለይም ኢንጋ ማሪ ኒልሰንና ማርጋሬታ ብሎምቤክ የተሳተፉበት ቡድን፣ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ የተለየ ክፍል ለሕመምተኞች ሲሰጥ የደሙ መፍሰስ እንደሚታረም አሳዩ። ከሄሞፊሊያ ኤ ሕመምተኛ ፕላዝማ የተዘጋጀው ክፍልም ያንኑ ውጤት ሰጠ። ስለዚህ የጎደለው ነገር በፕላዝማ ውስጥ የሚገኝ፣ ከፋክተር 8 የተለየ ንጥረ ነገር እንደሆነ ታወቀ፤ በኋላም የቮን ቪልብራንድ ፋክተር ተባለ። ይህ ግኝት የሕክምናን በር የከፈተ ቢሆንም የተመራማሪዎችን ትኩረት ከደም ሥር ግድግዳ ወደ ፕላዝማ አዞረው። ትኩረቱ ወደ ግድግዳው የተመለሰው ከሌላ አቅጣጫ በመጣ ምልከታ ነው።

2. የቅንጣቱ ግኝት

በ1964 ኤቫልድ ቫይበልና ጆርጅ ፓላዴ የአይጥንና የሰውን ትናንሽ የደም ቅዳ ሥሮች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በውስጠኛው ሽፋን ሕዋሳት ማለትም በኢንዶቴልየም ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተገለጹ በትር መሰል ቅንጣቶችን አገኙ። ቅንጣቶቹ 0.1 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረትና እስከ 3 ማይክሮሜትር የሚደርስ ርዝመት ነበራቸው። በውስጣቸውም ከበትሩ ርዝመት ጋር ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ይታዩ ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቅርጹን በጥንቃቄ መዘገቡ፤ ተግባሩ ግን በወቅቱ አልታወቀም።

በ1973 ኤሪክ ጃፌና ባልደረቦቹ ከሰው እትብት የደም መልስ ሥር የተወሰዱ የኢንዶቴልየም ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አሳድገው፣ ሕዋሳቱ ዛሬ የቮን ቪልብራንድ ፋክተር የሚባለውን ፕሮቲን እንደሚሠሩ አሳዩ። በ1982 ደግሞ ዴኒሳ ዋግነርና ባልደረቦቿ በፀረ እንግዳ አካላት አማካይነት ፕሮቲኑ በእነዚያ በትር መሰል ቅንጣቶች ውስጥ እንደሚገኝ አረጋገጡ። በዚህም በ1964 ቅርጹ የተመዘገበው አካልና በ1926 የተገለጸው ሕመም ተገናኙ። የቮን ቪልብራንድ የመጀመሪያ ጥርጣሬ፣ ማለትም የደም ሥር ግድግዳ ድርሻ አለው የሚለው ግምት፣ እርሱ ባላሰበው መንገድ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

3. እህሉ ጎተራውን ሲሠራ

የፋክተሩ ጂን በ12ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ይገኛል፤ ቅደም ተከተሉም በ1985 በተለያዩ ቡድኖች ተለይቷል። ከጂኑ የሚሠራው የመጀመሪያ ፕሮቲን 2813 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከእነዚህ 22ቱ ፕሮቲኑን ወደ መሥሪያ ቦታው የሚመሩ፣ 741ዱ ቅድመ ፔፕታይድ የሚባለው ክፍል፣ የቀሩት 2050ዎቹ ደግሞ የበሰለው ፋክተር ናቸው።

የፕሮቲኑ አሠራር በሁለት ተከታታይ ስፍራዎች ይከናወናል። በመጀመሪያ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ሁለት ሁለት ሞለኪውሎች በጅራታቸው በኩል በሰልፈር ትስስር ይጣመራሉ። ከዚያ አሲዳማ በሆነው የጎልጂ ክፍል ውስጥ ጥንዶቹ በራሳቸው በኩል እርስ በርስ ይያያዙና ረዣዥም ሰንሰለቶች ይሆናሉ። ለዚህ ሁለተኛ ትስስር ቅድመ ፔፕታይዱ አስፈላጊ ነው። ፉሪን የተባለው ኤንዛይም ከቆረጠው በኋላም ቅድመ ፔፕታይዱ ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ይቆያል፤ ሰንሰለቱም እንደ ጥቅል ሽቦ ተጠምጥሞ ቱቦ እንዲሆን ይረዳል። ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታሸጉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታየው በትር ይፈጠራል። የበትሩ ቅርጽ እንግዲህ የይዘቱ ቅርጽ ነው።

በሌላ አገላለጽ፣ በዚህ ስፍራ እህሉ ራሱ ጎተራውን ይሠራል። ለዚህ ሦስት ማስረጃዎች አሉ። አንደኛ፣ ከባድ የቮን ቪልብራንድ በሽታ ባለባቸው አሳማዎች ኢንዶቴልየም ውስጥ ቅንጣቶቹ አይገኙም። ሁለተኛ፣ ፋክተሩን በተፈጥሮ በማይሠሩ ነገር ግን የሚከማች ሆርሞን በሚያመርቱ ሕዋሳት ውስጥ ጂኑ ሲገባ፣ ሕዋሳቱ ከዚህ በፊት ያልነበሯቸውን ተመሳሳይ በትሮች ይፈጥራሉ። ሦስተኛ፣ ፋክተሩ ከሌላቸው ውሾች በተወሰዱ የኢንዶቴልየም ሕዋሳት ውስጥ ጤነኛው ፕሮቲን እንዲሠራ ሲደረግ ክምችቱ ይመለሳል።

ይህ ሐቅ ከደም መርጋት ያለፈ ትርጉም አለው። በቅንጣቶቹ ውስጥ ከፋክተሩ ጋር ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚይዘው ፒ-ሴሌክቲን፣ የደም ሥር እድገትን የሚመራው አንጂዮፖይቲን-2 እና ሌሎች ፕሮቲኖች ይቀመጣሉ። ስለዚህ ፋክተሩ ሲጠፋ አንድ ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን የጋራ ማከማቻ ይጠፋል። ፋክተሩ በሌላቸው አይጦች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ደም ሥር ግድግዳ መጠጋት እንደሚቀንስ ማሳየታቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል።

4. የመለቀቅ ሥርዓት

ኢንዶቴልየም ፋክተሩን በሁለት መንገድ ወደ ደም ይልካል። አንደኛው ያለማቋረጥ በጥቂቱ የሚፈስ ሲሆን፣ በፕላዝማ የሚለካው መደበኛ መጠን በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው በጥሪ የሚፈጸም ነው። ደም ሥር ሲጎዳ የሚፈጠረው ትሮምቢንና በብግነት ጊዜ የሚወጣው ሂስታሚን በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየምን ከፍ በማድረግ ቅንጣቶቹ እንዲለቀቁ ያዛሉ። አድሬናሊንና ቫሶፕሬሲን ግን ይህንኑ የሚያደርጉት ሳይክሊክ ኤኤምፒ በተባለ ሌላ መልእክተኛ ነው። ሁለተኛው መንገድ ለሕክምና ያለው ትርጉም ቀጥሎ በክፍል 6 ይታያል።

በቅንጣቱ ውስጥ ያለው አሲዳማነት ፒኤች 5.5 ገደማ ነው። ቅንጣቱ ከሕዋሱ ጠርዝ ጋር ተዋሕዶ ሲከፈት ይዘቱ ፒኤች 7.4 ከሆነው ደም ጋር ይገናኛል፤ ጥቅሉም ይፈታል። የደሙ ፍሰት የተፈታውን ሰንሰለት እየጎተተ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሜትር ርዝመት ያለው ክር ያደርገዋል፤ ፕላትሌቶችም በክሩ ላይ ይያዛሉ። ክሩ ሲዘረጋ አዳምትስ-13 የተባለው ኤንዛይም ለመቁረጫ የሚያገለግለውን ስፍራ አግኝቶ ያሳጥረዋል። ይህ ኤንዛይም ሲጎድል ያልተቆረጡት ክሮች በትናንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ፕላትሌቶችን እየሰበሰቡ ትሮምቦቲክ ትሮምቦሳይቶፔኒክ ፐርፑራ የሚባለውን አደገኛ ሕመም ያስከትላሉ። ስለዚህ ክምችቱ ያነሰ እንደሆነ ደም ይፈስሳል፤ ከተለቀቀ በኋላ ያልተገታ እንደሆነ ደግሞ የደም ሥሮች ይዘጋሉ።

የጥቅሉ ሥርዓት ራሱ ለሥራው ወሳኝ መሆኑ በ2006 በወጣ ጥናት ታይቷል። በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው አሲዳማነት በመድኃኒት እንዲቀንስ ሲደረግ ቅንጣቶቹ በትርነታቸውን ትተው ክብ ሆኑ፤ የተለቀቁት ክሮችም ተወሳስበው ጥቂት ፕላትሌቶችን ብቻ ያዙ። የፕሮቲኑ መኖር ብቻውን በቂ እንዳልሆነና በአግባቡ ተጠቅልሎ መቀመጡም የሥራው አካል እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. የሕመሙ ዓይነቶች ከክምችቱ አንጻር

በሥራ ላይ ያለው አመዳደብ ሕመሙን በሦስት ይከፍለዋል። ዓይነት 1 የፋክተሩ በከፊል ማነስ፣ ዓይነት 2 የሥራ ብቃቱ ጉድለት፣ ዓይነት 3 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል አለመኖሩ ነው። ይህ አመዳደብ ለክሊኒክ ሥራ ጠቃሚ ቢሆንም ጉድለቱ የት ስፍራ እንደተፈጠረ አይናገርም። ከክምችቱ አንጻር ሲታይ ግን አራት ደረጃዎች ይለያሉ።

የመጀመሪያው የመሙላት ጉድለት ነው። በዓይነት 3 ፕሮቲኑ ስለማይሠራ ቅንጣቱም በወጉ አይፈጠርም። በብዙ የዓይነት 1 ሁኔታዎች ደግሞ የተበላሸው ሞለኪውል በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ይታገታል። ጤነኛው ሞለኪውል ከእርሱ ጋር ስለሚጣመር አብሮት ሊታገት ይችላል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ ለውጥ ከግማሽ በላይ ቅነሳ ሊያስከትል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የመጠቅለል ጉድለት ነው። በዓይነት 2ኤ ከሚመደቡት ለውጦች አንዳንዶቹ ጥንዶቹ ወደ ረዣዥም ሰንሰለቶች እንዳይያያዙ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ ፋክተሩ ቢለቀቅም ፕላትሌቶችን በብቃት የሚይዙት ትላልቅ ሰንሰለቶች ይጎድሉታል። በዚሁ በ2ኤ ውስጥ ሰንሰለቱ በትክክል ተሠርቶ በደም ውስጥ ግን በአዳምትስ-13 ከልክ በላይ የሚቆረጥበት ሁለተኛ መንገድ አለ። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት ሕመምተኞች አንዱ በሕዋሱ ውስጥ፣ ሌላው ከሕዋሱ ውጭ የተፈጠረ ችግር ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመለቀቅ ጉድለት ነው። ቅንጣቶች እንዲበስሉና በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያደርጉ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ለምሳሌ ኸርማንስኪ-ፑድላክ ሲንድሮም በዋናነት የሚታወቀው በቆዳና በዓይን ቀለም ማነስ እንዲሁም በፕላትሌት ቅንጣቶች ጉድለት ነው። ሆኖም በሲንድሮሙ አንዳንድ ዓይነቶች የሚጎድለው ብሎክ-2 የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ በቫይበል-ፓላዴ አካላት ብስለት ላይም ድርሻ እንዳለው ጥናቶች ያመለክታሉ። እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ላይ የሚታየውን መድማት ሁሉ ለፕላትሌት ብቻ መስጠት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አራተኛው ከተለቀቀ በኋላ የመቆየት ጉድለት ነው። ጎተራው ሙሉ፣ ጥቅሉም ትክክል ሆኖ ሳለ ፋክተሩ ከደም ውስጥ በፍጥነት ይወገዳል። ዓይነት 1ሲ የሚባለውና ከእርሱም ውስጥ በጣሊያን ከተማ ስም ቪቼንዛ ተብሎ የሚታወቀው የዚህ ምሳሌ ነው። በውርስ ካልመጡት መካከል ደግሞ ኸይዴ ሲንድሮም ይጠቀሳል፤ በጠበበ የአዎርታ በር የሚያልፈው ደም የሚፈጥረው ኃይል ሰንሰለቶቹን ስለሚዘረጋቸው ከልክ በላይ ይቆረጣሉ፤ በሩ በቀዶ ሕክምና ሲተካ ሁኔታው ሊሻሻል ይችላል።

ዓይነት 2ቢ፣ 2ኤም እና 2ኤን በዋነኛነት የሞለኪውሉ የመያያዝ ብቃት ጉድለቶች ስለሆኑ በእነዚህ አራት ደረጃዎች ሙሉ በሙሉ አይካተቱም። ይህ አመለካከት ነባሩን አመዳደብ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

6. ዴስሞፕሬሲን፦ ጎተራውን የሚያንኳኳ መድኃኒት

በ1977 ፒየር ማኑቾ ማኑቺና ባልደረቦቹ የቫሶፕሬሲን ሰው ሠራሽ አምሳያ የሆነው ዴስሞፕሬሲን ቀላል ሄሞፊሊያና የቮን ቪልብራንድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ጥርስ ሲነቀልና ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ጠቃሚ መሆኑን አሳወቁ። የተለመደው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.3 ማይክሮግራም ነው። መድኃኒቱ በኢንዶቴልየም ላይ ባለው የቫሶፕሬሲን ቪ2 ተቀባይ በኩል ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከፍ አድርጎ ቅንጣቶቹን ያስለቅቃል። አዲስ ፋክተር አይሠራም፤ የተከማቸውን ያወጣል እንጂ።

ስለዚህ ለዴስሞፕሬሲን የሚሰጠው ምላሽ የክምችቱን ሁኔታ የሚናገር ምርመራ ነው። ለማስረዳት ያህል ሁለት ምናባዊ ሕመምተኞችን መውሰድ ይቻላል። የሁለቱም የፋክተር መጠን በዴሲሊትር 25 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው እንበል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ ወደ 90፣ ሁለተኛዋ ወደ 95 ከፍ ይላሉ። ልኬቱ በዚህ ቢቆም ሁለቱም ጥሩ ምላሽ እንደሰጡ ይመዘገብ ነበር። በአራተኛው ሰዓት ግን የመጀመሪያዋ 75 ላይ ስትገኝ ሁለተኛዋ ወደ 35 ወርዳለች። የመጀመሪያዋ ጎተራ የሚለቀው ፋክተር በደም ውስጥ ይቆያል፤ የሁለተኛዋ ግን ወዲያው ይወገዳል። የመጀመሪያዋ ለጥርስ ነቀላ በዴስሞፕሬሲን ልትታከም ስትችል፣ ሁለተኛዋ ረዘም ያለ ጥበቃ ካስፈለጋት የተዘጋጀ ፋክተር ሊሰጣት ይገባል። ለሁለቱም የተጻፈው የመጀመሪያ ቁጥር ግን አንድ ነበር።

በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራና የሕክምና መመሪያም ፋክተሩ በፍጥነት ይወገዳል ተብሎ ሲጠረጠር የአንድና የአራት ሰዓት ልኬት ያለበትን የዴስሞፕሬሲን ሙከራ ይመርጣል። ለበቂ ምላሽነት የሚጠየቀውም መጠኑ ቢያንስ በእጥፍ ማደጉ ብቻ ሳይሆን፣ ፋክተሩም ሆነ ፋክተር 8 ቢያንስ ለአራት ሰዓት ከ50 በላይ መቆየታቸው ነው።

የመድኃኒቱ ገደቦችም ከክምችቱ ባሕርይ ይመነጫሉ። በዓይነት 3 የሚለቀቅ ነገር ስለሌለ ጥቅም አይሰጥም። በተከታታይ ሲሰጥ ጎተራው እስኪሞላ ድረስ ምላሹ እየደከመ ይሄዳል። በዓይነት 2ቢ የሚለቀቀው ሞለኪውል ከፕላትሌቶች ጋር ያለጊዜው ስለሚያያዝ የፕላትሌት ቁጥርን ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ ሌላ መድኃኒቱ በኩላሊት በኩል ውኃን ስለሚያስቀር፣ በተለይ በሕፃናት ላይ የሶዲየም መቀነስ እንዳይከተል የሚወሰደው ፈሳሽ ሊመጠን ይገባል።

7. የተዘጋጀ ፋክተር የማይደርስበት ስፍራ

ከፕላዝማ የተለየ ወይም በቤተ ሙከራ የተሠራ ፋክተር በደም ሥር ሲሰጥ የፕላዝማውን ጉድለት ይሞላል፤ ወደ ኢንዶቴልየም ተመልሶ ቅንጣት ግን አይሠራም። ይህ ልዩነት በአንጀት መድማት ላይ በግልጽ ይታያል። ትላልቅ ሰንሰለቶች በሚጎድሏቸው ሕመምተኞች አንጀት ውስጥ አንጂዮዲስፕላዝያ የሚባሉ ያልተስተካከሉ ስስ የደም ሥሮች ሊፈጠሩ ይችላሉ። ከእነርሱ የሚፈሰው ደም ፋክተር እየተሰጠም ደጋግሞ የሚያገረሽበት ጊዜ አለ። በ2011 የታተመ ጥናት በኢንዶቴልየም ሕዋሳት ውስጥ ፋክተሩ ሲቀነስ የአዳዲስ የደም ሥሮች መፈጠር እንደሚጨምርና አንጂዮፖይቲን-2 በብዛት እንደሚለቀቅ አሳይቷል። ማከማቻ ያጣው አንጂዮፖይቲን-2 ያለ ገደብ መውጣቱ ከደም ሥሮቹ መዛባት ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚለው ማብራሪያ ከዚህ የመነጨ ነው።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሕመምተኛውን ኢንዶቴልየም በቀጥታ ማየት ያስፈልጋል። የደም ሥርን ቆርጦ መውሰድ ስለማይቻል ተመራማሪዎች ከተራ የደም ናሙና ውስጥ የኢንዶቴልየም ቅኝ ሕዋሳትን ለይተው በቤተ ሙከራ ያሳድጋሉ። በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የቅንጣቶቹን ቁጥር፣ ቅርጽና አለቃቀቅ መመርመር ተችሏል፤ በተለያዩ የሕመሙ ዓይነቶችም ልዩ ልዩ መዛባቶች ታይተዋል። ዘዴው ጊዜና ባለሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ እስካሁን የምርምር እንጂ የዕለት ተዕለት ምርመራ መሣሪያ አይደለም።

8. ማጠቃለያ

በፕላዝማ የሚገኘው የቮን ቪልብራንድ ፋክተር መጠን የመሥራት፣ የማከማቸት፣ የመልቀቅና የማስወገድ ድምር ውጤት ነው። ድምሩም በየጊዜው ይለዋወጣል። የደም ዓይነታቸው ኦ የሆኑ ሰዎች መጠናቸው በአማካይ ዝቅ ይላል፤ ጭንቀት፣ ብግነትና እርግዝና ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። በእርግዝናዋ መጨረሻ የተመረመረች ሴት መደበኛ ውጤት ልታገኝ ትችላለች፤ ከወሊድ በኋላ ግን መጠኑ ሲወርድ ለከባድ መድማት ትጋለጣለች። ስለሆነም አንድ ቁጥር፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተለካ ሳይታወቅ፣ ለውሳኔ አይበቃም።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ወሊድ ከመድረሱ በፊት ዴስሞፕሬሲን ለሚስማማቸው ሕመምተኞች የአንድና የአራት ሰዓት ሙከራ አስቀድሞ ቢደረግ፣ ሕክምናው ግምት ከመሆን ይድናል። ሁለተኛ፣ የዘረ መል ለውጥን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ለውጡ ፕሮቲኑን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም ከሚለው አልፈው፣ ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደሚያውክ ቢጠይቁ ውጤታቸው ለሐኪሙ የበለጠ ይጠቅማል።

በፎግሎዋ ልጅ ዘመን እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት አይቻልም ነበር። ቅንጣቱ ገና አልታየም፤ ፕሮቲኑም ስም አልነበረውም። ዛሬ ከባድ የወር አበባ ይዟት ወደ ሐኪም የምትቀርብ ልጃገረድ ግን ደሟን ማስለካት ብቻ ሳይሆን ጎተራዋ ምን ያህል እንደያዘ፣ የያዘውንም እንደሚለቅና የለቀቀው እንደሚቆይላት እንዲመረመርላት የሚያስችል እውቀት አለ።